ደህና ነኝ ያለው ሰው

ይስማው ለጤና ጥናቱ ሰዎች ደህና ነኝ ብሏል፣ ለሁሉም ጥያቄ፣ አንድ ሳይቀር፣ አሁን ደግሞ ያንን ቃሉን ጡረታ ቢሮ ካለው መዝገቡ ጋር ሊያገናኙት ፈቃዱን እየጠየቁት ነው። የሆነው ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ማብራሪያውን የምትሰጠው ልጅ ደጁ ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀምጣለች፣ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሰገነት ትባላለች፣ የሰቆጣ ልጅ ናት፣ አባቷን ያውቀዋል፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን አባቷ ጨዋ ነው ማለት ታብሌቱም ጨዋ ነው ማለት አይደለም፣ የታብሌቱ አባት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጋሼ ይስማው፣ ትላለች፣ ስምዎ ይፋቃል፣ የሚቀረው ቁጥር ብቻ ነው፣ ጡረታ ቢሮው የእርስዎን መልስ አያይም፣ ጥናቱ ነው የእነሱን መዝገብ የሚያየው፣ ሰው በምን ሕመም ከሥራ እንደሚወጣ፣ አበሉ ለተጎዳው መድረስ አለመድረሱን፣ ተጎድቶ ሳያገኝ የቀረ ካለም ለማወቅ ነው፣ ባይፈቅዱም መብትዎ ነው፣ ምንም አይቀርብዎትም። አፏ ያጠናውን ይናገራል፣ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ላይ ነው፣ ዳሌው ላይ ነው፣ ከመጣች ጀምሮ በቀኝ ጎኑ ብቻ እንደተቀመጠ አይታለች፣ ቀና በል አንተ ሰው፣ ቀና ይላል፣ ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ይላል፣ ፊቱን አይለውጥም። ፊት አለመለወጥ ይችልበታል። በልጅነቱ የለመደው ነው።

ምንም አይቀርብዎትም። ይህን ቃል የት ነው የሰማው። ተወው። አሁን አይደለም።

ጥቅምት ላይም እሷው ናት የመጣችው። መራመድ ያስቸግርዎታል፣ ተመስገን። ዳገት መውጣትስ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ከመቀመጫ መነሳት፣ ዕቃ ማንሳት፣ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ደህና፣ ደህና፣ እግዜር ይመስገን። እሷም ምንም አያስቸግርም የሚለውን በጣቷ እየነካች አለፈች። ታዲያ ምን ይበል፣ እንግዳ ደጅህ ድረስ መጥቶ እንዴት ነህ ሲልህ ሌላ ምን ይባላል፣ እዚህ አገር ሰው በቃሬዛ ተይዞ ወደ ሆስፒታል ሲወርድ እንኳ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው እንዴት ነህ ካለው ከጋቢው ሥር ተመስገን ይላል፣ ተሸካሚዎቹም እያለከለኩ ተመስገን ይላሉ፣ ጠያቂውም ተመስገን ብሎ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ይቀበላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሰውየው እየሞተ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ሕመምን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር እግዜርን በሰው ፊት መክሰስ ነው፣ እናቱ እንዲህ ነበር የምትለው። ስለዚህ ውሸት አልነበረም። ወይስ ነበር። ታብሌቱ እናቱን አያውቃትም።

ጎረቤቱ የሻምበል ምን አለበት፣ ዓይንዎ ያያል ወይ ስትለው አንቺን አያለሁ፣ ይበቃኛል፣ አላት አሉ፣ ሰፈሩ ሲስቅ ሰነበተ፣ እሱ ጡረታ የለው፣ መዝገብ የለው፣ ቃሉ ከምንም ጋር አይገናኝም፣ እንደ ጢስ ወጥቶ ይሄዳል። ትናንት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ አንተ ጤነኛው፣ ለሩጫ ሊመርጡህ ነው አሉ፣ አለው። ይስማው ሳቀ። ከዚያ ገብቶ አልጋው ላይ ተኛና ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ሊመርጡህ ነው። ቀልደኛው ምን እንዳለ አያውቅም።

መዝገቡ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ነው። የመንግሥት የመንገድ ሥራ ሠራተኛ የነበረ ይስማው፣ ደሃና መንገድ ላይ የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ ሲቀብሩ አፈሩ ተንዶ ድንጋይ የወረደበት፣ ዳሌውና ወገቡ የተሰበረ፣ የሕክምና ቦርድ ተሰብስቦ ገልብጦ አይቶት ለማንኛውም ሥራ ብቁ አይደለም ብሎ የፈረመበት ሰው። በዚያ ፊርማ ነው የሚያድሩት፣ እሱና ሚስቱ ውዴ፣ በየወሩ፣ ሌላ የሚገባ የለም፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋታል፣ እኩል አራሹም እንደ ዝናቡ ነው። እና አሁን ብቁ ያልሆነው ይስማውና ደህና ነኝ ያለው ይስማው አንድ ክፍል ውስጥ ሊገቡ ነው፣ ፊት ለፊት ሊቆሙ ነው፣ አንዱ ቆሞ መቆየት አይችልም፣ ሌላው ዳገት ይወጣል። ዛሬ ታምሜያለሁ ቢል የጥቅምቱ ሰው ውሸታም ነው። ዛሬም ደህና ነኝ ቢል የጡረታው ሰው ሌባ ነው። አላገናኝም ቢል ደግሞ ምን ደብቆ ነው ይባላል። ስም ይፋቃል ትላለች። በዚህ ቀበሌ ከመንገድ ሥራ በጉዳት የወጣ ማን አለ ሌላ፣ ስሙን ቢፍቁትስ ዳሌው ይፋቃል እንዴ።

ሰገነት ትጠብቃለች። መጠበቅ ታውቅበታለች፣ ይህን ይወድላታል። በልታ እንደሆነ ሳትጠየቅ ቆሎ ቀርቦላታል፣ አንድ አንድ ፍሬ ትቆረጥማለች። ጋሼ ይስማው፣ አይቸኩሉ፣ ትላለች፣ ባይፈቅዱም እኮ ምንም አይቀርብዎትም።

ምንም አይቀርብህም ብለውኛል። እንዲህ ነበር ያለው፣ ደግሰው። ወንድሙ። ቆረም።

ሰባ ሰባት። ከደሃና የወጡት አራት ሆነው ነው፣ መጠለያው የደረሱት ሁለት ናቸው፣ ደግሰውና እሱ፣ አባትና እናት መንገድ ላይ ቀሩ፣ ስለዚያ አያስብም፣ ስለዚያ አስቦ አያውቅም። ደግሰው ጎረምሳ ነው፣ እሱ ገና ልጅ ነው፣ ተስቦ ይዞት ድንኳኑ ጥግ ተጋድሟል፣ ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ሰልፉን ያያል፣ ረጅም ሰልፍ፣ ካኪ የለበሰ ካድሬ፣ አጠገቡ ወረቀት የያዘ ሰው፣ ሠፈራ ነው፣ ለም መሬት ነው፣ በሬ ይሰጣችኋል፣ ምንም አይቀርባችሁም። ካድሬው እያንዳንዱን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። ጤነኛ ነህ? በአማርኛ። ደግሰው የእናቱን ኽምጣና ነው የሚናገር፣ ከአማርኛ ያለው ጥቂት ነው፣ ይችን ግን አሳምሮ ያውቃል፣ ጨዋ ሰው እንዴት ነህ ሲባል የሚመልሳትን። እግሩ እንደ ዱላ ቀጥኗል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ግን ቀና አለ። ቀና ሲል ይስማው አየው። ተመስገን፣ ደህና ነኝ አለ።

ከኋላው የነበሩት ሽማግሌ አልመለሱም፣ ሳሉ ብቻ፣ እሳቸውን ወደዚያ አሏቸው። ደግሰውን ወደዚህ። የተናገረው ቃል ወረቀት ላይ ካለው ስሙ ጋር ተገናኘ፣ ወረቀቱ ከአውቶቡሱ ጋር ተገናኘ፣ አውቶቡሱ ከምዕራብ ጋር። ወደ ድንኳኑ ሮጦ መጣ፣ አፍታ ሰጥተውት ነበር፣ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገለት፣ ምንም አይቀርብህም ብለውኛል፣ ስሠፍር እልክብሃለሁ አለ። ከዚያ ሄደ። የላከው የለም። ወሬውም የለም፣ ከዚያ ከተመለሱት አንድም አየሁት ያለ የለም፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ይስማው ወልድያ ድረስ ወርዶ የተመለሱትን እየዞረ ጠየቀ፣ በሽታው ነው የጨረሳቸው ይላሉ፣ ስም ስትጠይቅ ስም የለም። አዎ፣ ስም ይፋቃል። እውነቷን ነው።

እንዲያ ነው እንግዲህ። ደህና ነኝ ያለ ተወሰደ፣ መናገር ያቃተው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ይዞ ለጠየቀው ሁሉ አይመልስም፣ ለቀበሌ አይመልስም፣ ለካህን እንኳ ቆጥቦ ነው፣ የገዛ ልጆቹ አጎት እንደነበራቸው አያውቁም። ታዲያ በጥቅምት ምን ነካው። አፉ ብቻውን ነው የተናገረው። የወንድሙን ቃል፣ በወንድሙ አነጋገር፣ ቀና ብሎ።

ውዴ ከጓዳ ወጥታ ደፉ ላይ ቆማለች። ሰምታለች፣ ሁሉንም ትሰማለች። ጠዋት ጠዋት በሩ ሳይከፈት የግራ እግሩን ሱሪ የምታለብሰው እሷ ናት፣ ጫማውን የምታስረው፣ ክንዱን አንገቷ ላይ አድርጎ የምታቆመው፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ እሱ ብቻውን በዱላው ይወጣል፣ መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያልፈው ሰው እንዴት አደርክ ይላል፣ ተመስገን ይላል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ባልሽ እንዴት ነው ይሏታል፣ ደህና ነው ትላለች፣ ይኸው ስንት ዘመኗ። ለሱ ስትል ነው። ወይስ እሱ እንዲህ እንዲሆን ስላስለመዳት ነው። በቦርዱ ፊት እንኳ የቆመችው ከበሩ ውጭ ነው፣ አትግቢ ብሏት።

እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ደረቅ ነው እጇ፣ ግን ትጠርገዋለች።

«እኔ ልናገርልህ፣ ይስማው?»

ይስማው ያያታል። ልናገርልህ። ይህን ለደግሰው ያለው ሰው አልነበረም። ሰልፉ ያን ያህል ረጅም ነበር፣ ያገር ሰው ነበረበት፣ የሚያውቃቸው ነበሩበት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ወጣ ብሎ፣ ጌታዬ ይህን ልጅ አይስሙት፣ ጨዋ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው፣ ቆሞ መዋል አይችልም፣ ወንድሙም ድንኳን ውስጥ ታሟል ቢል። ማንም አላለም። ሁሉም ጨዋ ነበር። ሁሉም ተመስገን እያለ ነበር።

ልጅቱ መቆርጠም አቁማለች።

እውነቱን ቢናገር ጡረታው ይቆም ይሆናል፣ ላይቆምም ይችላል፣ አያውቅም፣ እሷም አታውቅም፣ አባቷም አያውቅም፣ እላይ ያሉት ነገ ምን እንደሚያደርጉበት የሚያውቅ የለም። ቢቆም ምን ይበላሉ። ቢቆም መሰረት አለች፣ ጅዳ፣ የሰው ቤት የምታጥብ ልጁ፣ ከሷ ላይ ሊቀማ ነው እንዴ። አታገናኙኝ ማለት አለ። ሂጂ ልጄ፣ ደህና ዋይ፣ ማለት አለ። በሩን ዘግቶ መቀመጥ አለ። ይህን ሁሉ ያውቃል። ወገቡ ቀና ማለት ይፈልጋል፣ በራሱ፣ እንደ ጥቅምት፣ አሁን ቀና ካለ አፉም ይከተላል፣ ተመስገን ይላል፣ ያልቃል።

ቀና አይልም። ጎበጥ ብሎ ይቀመጣል፣ እንደሚያመው።

«ተይው» ይላታል ለውዴ፣ «እኔው እናገራለሁ።»

ይናገራል። ዳገት አልችልም ይላል። ሜዳም ቢሆን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ሁለት ሦስቴ እቀመጣለሁ፣ ጫማዬን እሷ ናት የምታስረው፣ ሱሪዬንም፣ ገላዬንም፣ ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው፣ ካልሆነም እሷን ይዤ፣ ሲበርድ ግራ እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል። የሻምበል በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ይሰማ ይሆን፣ ይስማ፣ ሂድና ንገር፣ ለሩጫ አልተመረጠም በል። ሰገነት እየነካች ነው፣ ቀስ ብላ፣ አንዳንዱ ላይ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ ጋሼ ይስማው፣ በጥቅምት ግን ሁሉም ደህና ነው ብለውኝ ነበር እኮ፣ ትላለች። ክስ አይደለም።

«በጥቅምት እንግዳ ነበርሽ።»

ልጅቱ ልትስቅ ትልና አትስቅም። እዚህ አካባቢ የጠየቅኋቸው ጡረተኞች ሁሉ እንዲያ ነው ያሉኝ ትላለች፣ በጉዳት የወጡት ሁሉ፣ ዓይናቸው የጠፋ እንኳ፣ ሁሉም ጤነኛ ነው፣ ተቆጣጣሪዬ ተሳስተሽ ይሆናል ብሎ ነው ሁላችሁም ዘንድ እንደገና የላከኝ። እንግዲያው አይተውታል። እንግዲያው መዝገቡ ሳይገናኝ በፊት ታውቋል፣ ወይም ተጠርጥሯል፣ ወይም ምንም አይደለም። ሁሉም። ሰልፉን ያየዋል፣ ከሰቆጣ እስከ ሰሃላ፣ በየደጁ ቀና ያለ ሰው።

ይገናኝ፣ ይላል። አምኗት አይደለም። ታብሌቷን አላመነውም። ደክሞት ነው ምናልባት፣ ሁለት ሆኖ መኖር፣ አንዱ መደብ ላይ አንዱ መዝገብ ውስጥ። ሊፈርም ጣቱን እስክሪኑ ላይ ያደርጋል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ ይበቃል ትለዋለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ይመጣል። ወይ በሚቀጥለው ወር አበሉ ይገባል፣ ወይ አይገባም። ያኔ ይታያል። አሁን አይታይም።

የመጨረሻ ጥያቄ ናት፣ ትላለች፣ የቤቱን ሰው ላስተካክል፣ በጥቅምት ቸኩለን ነበር። የቤተሰቡ አባል ሆኖ ሌላ ቦታ የሚኖር አለ? መሰረት፣ ይላል፣ ጅዳ። ይርዳው፣ ወልድያ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሌላስ? ሌላ የለም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ አፉ፣ ያ የማይታዘዘው አፉ፣ ደግሰው ይላል። ውዴ ዞር ትላለች። ስሙን ሰምታው አታውቅም። ልጅቱ ትጽፋለች፣ ደግሰው፣ ምንዎ ናቸው፣ ወንድሜ፣ ዕድሜያቸው፣ ጎረምሳ ነው። ጣቷ ይቆማል። ጋሼ፣ እዚህ ቤት ኖረው ነው የወጡት? አልኖረም፣ ይላል፣ ይህ ቤት ያኔ አልነበረም። እንግዲያው ልሰርዘው፣ ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ታብሌቱ አይቀበልልኝም። ሰርዥው። ትሰርዘዋለች። ግን አንዴ ተጽፎ ነበር፣ አይቶታል፣ ፊደሉን አይቶታል።

ተነስታ ቦርሳዋን ታነግታለች። ደህና ይሁኑ ጋሼ ይስማው። ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ይላል ይስማው፣ ሳያስብ፣ ልጅቱም ውዴም ያዩታል፣ እሱም የራሱን ድምፅ ይሰማል።

ቁልቁል ትወርዳለች፣ ከአጥሩ ጥግ ትሰወራለች። ፀሐይዋ መደቡ ላይ ደርሳለች። ውዴ መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ በግራው በኩል፣ ማነው ደግሰው አትለውም፣ ገና ነው፣ ትጠብቃለች። መሰረት ጅዳ ናት። ይርዳው ወልድያ ነው። ደግሰው የለም። ቤቱ የቀሩት ውዴና ይስማው ናቸው።