የተናጠ ደም

አፈወርቅ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ጋዋን የለበሰ ዕለት ጋዋኑ ብብቱ ላይ ጠበበው። ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የበግ በሽታ ምርምር ጣቢያ ለላቦራቶሪው ሦስት አዲስ ሰዎች ወስዶ ነበር። ሁለቱ፣ ምንተስኖትና ሀይማኖት፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው እሱ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል የቀረ፣ ጺሙን ሽበት የወረሰው፣ እስከዚያ ድረስ የጣቢያውን የበጎች ጋጥ ሲጠርግ የኖረ ሰው። ጋዋን ሲታደል ለልጆቹ በልካቸው ተገኘ፤ ለእሱ የተረፈው ደረሰው። ማንም አስቦ ያደረገበት ነገር አልነበረም። አፈወርቅ ግን ሳይታሰብ የሚደረግ ነገር አለ ብሎ ማመን ከተወ ቆይቷል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ፀደንያ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «ጋሽ አፈወርቅ» ብላ አንቱ ትለዋለች። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ቋሚ ሠራተኛ እንዲሆን የምትፈርመው እሷ ነች። ካልፈረመች ወደ ጋጡ መመለስ እንኳን የለም፤ በቦታው ሌላ ሰው ተተክቶበታል። ሚስቱ ጥሩሸዋ ደግሞ ባሏ ላቦራቶሪ መግባቱን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ገበያ ላይ እንኳ ሰው መንገድ እየለቀቀላት እንደሆነ ስትነግረው አፈወርቅ ሳይወድ በግድ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታው ግን እንደ ተዋሰው ልብስ አሳከከው።

የመጀመሪያው ሰሞን ሁሉ የእጅ ትምህርት ነበር። ጓንት ሲወልቅ የውጭው ገጽ ቆዳ እንዳይነካ ተገልብጦ ነው የሚወልቀው። በደም ብልቃጥ ላይ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ አልኮል ከነካው ቀለሙ ይጠፋል። ደም የነካው ዕቃ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል። ደም የሚያሽከረክረው ማሽን ውስጥ ደግሞ አንድ ብልቃጥ ሲቀመጥ በትይዩው ክብደቱ እኩል የሆነ ሌላ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ እየዘለለ ጠረጴዛውን ለቆ ይወርዳል። ይሄ አፈወርቅን ወዲያው ገባው፤ አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ነውና። ልጆቹ ሲጽፉ እሱ በዓይኑ ይይዝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከማንም አላነሰም።

ነገር የተበላሸው ፒፔት ላይ ሲደርሱ ነው። ፒፔት ጥቂት ጠብታ ለክቶ የሚስብ፣ ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚመስል መሣሪያ ነው። አውራ ጣት ቀስ ብሎ ይጫነዋል፣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። የአፈወርቅ አውራ ጣት በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው፣ ጠሞ የዳነ ነው። ሲጫን አመለጠው፤ ውሃው ተፈናጥሮ የሀይማኖትን እጅጌ አራሰው።

«ጋሽ አፌ፣ ቃታ አይደለም እኮ» አለ ምንተስኖት።

ሀይማኖት አፏን በእጇ ያዘች። ዶክተሯም ፈገግ ያለች መሰለው። ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ፤ ዶክተር ፀደንያ አንድ ደም የያዘ ብልቃጥ አንስታ፣ ደም ከመስክ ወደ ላቦራቶሪ እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳት ጀመረች። የአፈወርቅ ዓይን እሷ ላይ ነበር። ልቡ ግን ለዚያ እንጭጭ የሚመልሰውን ሲያበጅ ነበር። አንዱን ያበጃል፣ ያፈርሰዋል፤ ሌላ ያበጃል። አባቱን ሊነካበት ፈለገ፣ ትምህርቱን ሊነካበት ፈለገ። ጥሩ መልስ ሲገኝለት ትምህርቱ አልቆ ሰው ከክፍሉ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ሰው ምሳ ሲወጣ እየቀረ በፒፔቱ ውሃ ከብርጭቆ ብርጭቆ ሲያመላልስ ከረመ፤ ጣቱም ለመደ። ተሻለህ ያለው ግን አልነበረም። ቀልዱን ምንተስኖት በማግስቱ ረስቶታል። አፈወርቅ አልረሳም።

እንዲህ ያለውን ማጠራቀም የጀመረው ዛሬ አይደለም። ወጣት ሳለ ወረዳው ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከየቀበሌው አንድ ሰው ይላክ ብሎ ነበር። በቀበሌው ስምንተኛ ክፍል የረገጠ አፈወርቅ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ምንዳዬ ግን ስብሰባ ላይ አርፍዶ ደረሰ ብሎ ስሙን ዘለለውና የሚስቱን ወንድም ጫኔን ላከ። ጫኔ ትምህርቱን ጨርሶ ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ጥሎ የበግ ነጋዴ ሆነ። አፈወርቅ ከዚያ ወዲህ ምንዳዬን ሲያገኝ ሰላምታ አይከለክልም፤ ባርኔጣውን ግን አያነሳም። ምንዳዬ ይህን አስተውሎ እንደሆነ የሚያውቀው የለም።

በጥቅምት መገባደጃ ጓሳ በሚባለው ሣራማ ደጋ ዳር ያለ የአንድ መንደር በግ ሁሉ ሊከተብ ሆነ። ዶክተር ፀደንያ በጎቹ ከመከተባቸው በፊት የተቀዳ ደም ያስፈልጋታል፤ ክትባቱ መሥራቱ የሚታወቀው የፊተኛው ደም ከኋለኛው ጋር ሲተያይ ነው። አንዴ ከተከተቡ የፊተኛው ደም ከየትም አይመጣም። የዓመቱ ሥራ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ የጣቢያው መኪና ከቆመ ሰንብቷል። ስለዚህ አዲሶቹ ሦስት ሰዎች በፈረስ እንዲወጡ ተደረገ፤ ልጆቹ ደሙን ቀድተው ሲከትቡ ሊቀሩ፣ አፈወርቅ ደሙን ይዞ ሊመለስ። ፈረስ በደንብ የሚችለው እሱ ነው። በዋዜማው ዶክተሯ ለብቻው ጠራችውና ይህን ደም በደህና ካስገባ ወረቀቱን ያንኑ ዕለት እንደምትፈርምለት ነገረችው። ደሙ በተቀዳ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሽኑን አዘጋጅታ እንደምትጠብቀውም አከለች።

መንደሩ አደሩ፤ ደሙ በማለዳ ተቀዳ። ብልቃጦቹ በረዶ በተደረገበት ሳጥን ውስጥ ተደረደሩ፤ አፈወርቅም ሳጥኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ ፈረሱን በእርምጃ ነዳ። የጓሳን ሣር ጨርሶ ወደ እርሻው አገር እስኪወርድ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሶምሶማ አላስረገጠውም። ሊፈረምለት መሆኑን እያሰበ ነበር። ጋዋኑንም በልኩ ሊያሰፋ አስቧል።

ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ቀብር አጋጠመው። ጥላ የያዙ ካህናት ከፊት፣ ቃሬዛ መሃል፣ ሕዝብ ከኋላ። በዚያ አገር ቀብር ያገኘ መንገደኛ ከፈረሱ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ሳይሸኝ አያልፍም፤ ጥቂት ሸኝቶ ግን ቢያልፍ የሚቀየመው የለም። አፈወርቅ ወረደ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ማን እንደሞተ አጠገቡ ያለችውን ሴት ጠየቃት። ምንዳዬ ነው አለችው።

ደስ አላለውም፤ አላዘነምም። ባርኔጣህን ለምን አታነሳልኝም ብሎ አንድ ቀን ይጠይቀኛል ሲል የጠበቀው ሰው ሳይጠይቀው መሄዱ ብቻ ገረመው። ጥቂት እርምጃ ሸኝቶ እርካቡን ሊረግጥ ሲል ጫኔ፣ ያ የምንዳዬ ሚስት ወንድም፣ ከቃሬዛው ሥር ዞር ብሎ አየው።

«እለፍ፣ አፈወርቅ፣ እለፍ» አለው፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። «ቂም እንዳለህ አገር ያውቃል። ማንም አይፈርድብህም።»

የጥቂት ሰዎች አንገት ዞረ። አፈወርቅ እግሩን ከእርካቡ መለሰ። ፈረሱን ጥድ ሥር አሰረ፤ ሳጥኑን በጥዱ ጥላ ውስጥ አኖረና ሄዶ ከጫኔ ጎን የቃሬዛውን እንጨት ተሸከመ። ቂመኛ አለመሆኑን ያሳያቸዋል። ቂመኛማ እነሱ ናቸው።

ቃሬዛው እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ቦታ ይቆማል፤ በየቦታው ፍትሐት ይደረሳል። አፈወርቅ በሁለተኛው ላይ ለመሄድ አሰበ፤ ጫኔ እያየው ነበርና ተወው። በአራተኛው ላይም እንደዚያው። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው ጎረምሶቹን ቀስ በሉ፣ አታናውጡት እያሉ ይቆጡ ነበር፤ ተሸካሚዎቹም እንደተባሉት ተንፏቀቁ። አፈወርቅም ትከሻው እየነደደው እንደሌሎቹ ረጋ ብሎ ረገጠ። አፈር ሲለብስም ቆመ። ሲያልቅ እግዜር ይስጥልኝ ያለው አልነበረም። ጫኔ ከሌሎች ጋር ተቃቅፎ እያለቀሰ በአጠገቡ አለፈ፤ አላየውም። እንዳላየ ሆነ እንጂ ሲል አሰበ አፈወርቅ።

ወደ ጥዱ ሲመለስ ጥላው ከሳጥኑ ላይ ተነሥቶ ነበር። ሳጥኑን ሲነቀንቀው ውስጡ ተንቦጫቦጨ፤ በረዶው ቀልጧል። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አርፍዷል። በዕድሜው የተገፋበት ሁሉ በማርፈድ ነው፤ የትምህርት ቤት በር የተዘጋበት አርፍዶ ነው፣ ስሙ የተዘለለው አርፍዶ ነው። አሁን ደግሞ ቋሚነቱ፤ ያውም ለምንዳዬ ሲል።

ሳጥኑን ከኮርቻው ኋላ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ከዚያ ፈረሱን ሽምጥ ለቀቀው። ድንጋያማውን መንገድ እንደዚያ ሲጋልብ ያዩት ሰዎች ወንበዴ የሚያባርረው መስሏቸው ከበራቸው ወጡ። ሳጥኑ ከኋላው ሲንጓጓ ይሰማዋል። እንዳይወድቅ አንዴ ዞሮ ዳሰሰው፤ ገመዱ አልላላም። ተመስገን አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣቢያው ደረሰ። ዶክተር ፀደንያ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አልተቆጣችም። ብልቃጦቹን አንዱንም ሳይሰብር በማድረሱ እንዲያውም አመሰገነችው፤ ማሽኑንም እሱ እንዲጭነው ፈቀደችለት። አፈወርቅ ጓንቱን አጠለቀ፤ ብልቃጦቹን አንዱን ከአንዱ ትይዩ፣ ልክ እንደተማረው ደረደረ። ማሽኑ ሳይዘል፣ ሳያንገራግር ዞረ። እሷም ይህን አይታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ አፈወርቅም ያ አዎንታ ለእሱ መሆኑን አየ። ማሽኑ ሲቆም ክዳኑን ከፈተችው።

ደም ሲሽከረከር ቀዩ ይዘቅጥና ከላይ እንደ ጥሩ ጠጅ የጠራ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ምርመራው ሁሉ የሚሠራው በዚያ ቢጫ ውሃ ነው። ዶክተሯ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ሁለተኛውን አነሣች። ከዚያ ሁሉንም እያነሳች ታይና ትመልስ ጀመር፤ እየቆየች ሄደች። ከላይ የነበረው ውሃ ቀይ ወይን ጠጅ መስሏል። በሁሉም።

«ጋልበዋል?» አለችው።

«ዘግይቼ ነው፣ ዶክተር። ቀብር ይዞኝ።»

«ቢዘገዩ ምን ነበረበት?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ነገ ጠዋት ቢመጡም እቀበልዎ ነበር። ቀዝቃዛ አገር ነው፤ ደሙ ረግቶ ያድር ነበር። ሲናጥ ነው የሚፈርሰው። በመጀመሪያው ሰሞን ብልቃጥ ይዤ አሳይቻችኋለሁ እኮ፣ ጋሽ አፈወርቅ። ማቆየት ይቻላል፣ መናጥ ግን አይቻልም ብዬ።»

አፈወርቅ ያን ቀን አስታወሰው። መስኮቱን አስታወሰ፤ ጠረጴዛው ላይ የተረጨውን ውሃ፣ የሀይማኖትን እጅ አፏ ላይ፣ የዚያን ልጅ ጥርስ፣ የተናገራትን እያንዳንዷን ቃል። እሱ ራሱ ያበጃቸውንና ያፈረሳቸውን መልሶች ሳይቀር አስታወሳቸው፤ ጥሩውንም። ዶክተሯ ብልቃጥ አንስታ የተናገረችውን ግን ፈልጎ አላገኘውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየዋል፤ ድምፅ የለውም።

በጎቹ ተከትበዋል፤ ያ ደም ተመልሶ አይቀዳም። ዶክተሯ ይህን ለእሱ አላብራራችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ግንባሯን በክንዷ ደገፈች። ሲቆይ፣ ይህን ሥራ እንደተከናወነ አድርጋ ለበላዮቿ መጻፍ እንደማትችል፣ እንዴት እንደጠፋ ሲጠይቋትም ያመጣውን ሰው ስም መደበቅ እንደማትችል፣ ስለዚህም ወረቀቱን እንደማትፈርምለት ነገረችው። አንቱታዋን አልተወችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፤ ይዞት የሚሄደው ነገር ያገኝ ነበር።

ብልቃጦቹን ለማጠብ ጠየቀ፤ ፈቀደችለት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በሙቅ። አንድም ጠብታ ሳይቀርባቸው አጥቦ ደፍቷቸው ወጣ። ጋዋኑን አጥፎ ወንበሩ ላይ ተወው።

ቤቱ ሲደርስ ጥሩሸዋ በር ላይ ነበረች። የሰፈር ሴቶች ዛሬ ይፈረምለታል ብላ ስለነገረቻቸው አጠገቧ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ፊቱን ሲያዩ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ።

«ፈረመችልህ?» አለችው።

«ምንዳዬ መንገድ ላይ ያዘኝ።»

ጥሩሸዋ አየችው። «ምንዳዬ ሞቷል እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት መርዶ ሰማን።»

«አውቃለሁ» አለ አፈወርቅ። «ቀብሬው መጣሁ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቅ ጀመር። ማንን እንደሚጠላ እያሰበ ነበር፤ ከምንዳዬ ጀመረ፣ ወደ ጫኔ ሄደ፣ ወደ ምንተስኖት፣ ወደ ዶክተሯ። በአንዱም ላይ ጥላቻው አልያዝ አለው። ጫማውን ሳያወልቅ ተወው፤ እዚያው እንደተቀመጠ ብርዱ ወረደ።