ለሚክያስ የተቀበረው ቆጮ

ብርቅዬ ጠናን ሦስት ዓመት ሙሉ በእጇ አጉርሳዋለች። ይህን ስታስብ እጇን መቁረጥ ያምራታል።

ልጇ ሚክያስ ሰሜን ውስጥ ባለ አንድ የጦር ካምፕ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ጎህ ሳይቀድ ካምፑ ተጠቃና ከሌሞ ወረዳ የዘመቱ ሰባት ልጆች በአንድ ማለዳ አለቁ። ስምንተኛው ጠና ብቻ ሆሳዕና መናኸሪያ ከአውቶቡስ በእግሩ ወረደ። "ከሚክያስ ጎን ነበር የተኛሁት" አለ። "ዘቡ ከዳን፤ የማን አገር ልጅ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሚክያስ በእጄ ላይ ነው ያለፈው።" ሰው አለቀሰ። ወረዳው ሥራ ሰጠው፣ ቤተ ክርስቲያን ጸለየችለት፣ ብርቅዬም የሚክያስን ጃኬት አለበሰችው። እሁድ እሁድ ከማዕዷ አይጠፋም ነበር። በየኅዳሩ የመታሰቢያ ቀን የሰባቱን ስም የሚያነበውም እሱ ሆነ።

ሚክያስ በመጨረሻው ምሽት የላከላት አንድ የድምፅ መልእክት ስልኳ ላይ ነበር። ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር የደረሳት ከመርዶው በኋላ ነው። አልከፈተችውም። ከሰማችው ከልጇ የምትጠብቀው ምንም ነገር አይቀራትም። አምና፣ ከሦስተኛው መታሰቢያ በኋላ፣ ጥርሷን ነክሳ ተጫነችው።

"እማ፣ ደህና ነን። ዛሬ ማታ በር ላይ ዘብ የሚቆመው ጠና ነው። የኛ ልጅ ስለቆመ ጫማዬን አውልቄ እተኛለሁ። ቆጮውን እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቺው።"

ጫማውን አውልቆ! ብርቅዬ ያን ቀን ደጋግማ የሰማችው ይህን ብቻ ነው።

ሌላ እናት ብትሆን እየጮኸች ወደ ጠና ቤት ትሮጥ ነበር። ብርቅዬ ግን የመንደሩን ሴራ ታውቃለች። ሴራ ማለት ለቅሶውንም እርቁንም ፍርዱንም የሚይዘው የመንደሩ ማኅበር ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ በደሉን እያወቀ ከበዳዩ ጋር አብሮ የበላ ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም። ስለዚህ አፏን ዘጋች። እሁድ ጠና ሲመጣ "ጾም ጸሎት ይዣለሁ" አለችው። አሥር ወር የሚጾም ጴንጤ ማን አይቶ ያውቃል? የጠና ሚስት በልጅ ቅቤ ብትልክላት "ሸቷል በላት" ብላ መለሰችው፤ ቅቤው ግን ገና በማለዳ የወጣ ነበር። ለመስቀል በሬ ተጋርቶ ከሚያርደው፣ ቱታ ከሚባለው የጎረቤቶቿ ማኅበርም ወጣች፤ ጠና ያለበትን ሥጋ ከምትቀምስ መስቀልን በጎመን ማሳለፍን መረጠች።

የሴራው ዳኛ፣ ሽማግሌው ታዴዎስ፣ ነገሩ ሸተታቸው።

"ብርቅዬ፣ የሆድሽን ንገሪኝ" አሏት።

"ጋሼ ታዴዎስ፣ ሆዴ ባዶ ነው። ኅዳር ሲመጣ ይሞላል።"

ጓሮዋ ውስጥ አንድ ጉድጓድ አለ። ውስጡ ያለው ሚክያስ ሲዘምት እሱ ከተከለው እንሰት ፍቃ የቀበረችው ቆጮ ነው፤ ሲመለስ ሊበላ። ቆጮና ቂም አንድ ናቸው፤ በቆዩ ቁጥር ይበስላሉ። ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ ላይ የተጫነውን ድንጋይ በእግሯ ትነካና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ኅዳር ደረሰ። ዘንድሮ በትምህርት ቤቱ ሜዳ የሰባቱ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሊመረቅ ነው። የድምፅ ማጉያውን ከቤተ ክርስቲያን አምጥታ የተከለችው ሊዲያ ናት፤ የሚክያስ እህት፣ የዚያው ትምህርት ቤት መምህርት። ጠና የሚክያስን ጃኬት ለብሶ ወጣና ስሞቹን ማንበብ ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ደርሶ "ሚክያስ" ሲል ሊዲያ የእናቷን ስልክ ከማጉያው ጋር አገናኘች።

ሜዳው በሚክያስ ድምፅ ተሞላ። "…የኛ ልጅ ስለቆመ ጫማዬን አውልቄ እተኛለሁ…"

ጠና ፊቱ አመድ መሰለ። "ፈረቃ… ፈረቃ ተቀያይረን ነበር" አለ።

ብርቅዬ ተነሳች። "ከማን ጋር? ስሙን ጥራው። እናቱ እዚህ ተቀምጣለች።"

በፊተኛው ረድፍ ስድስት እናቶች ተቀምጠዋል። ጠና ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ እነሱን አየ። ስድስቱም አፉን ይጠብቃሉ። የአንዱን ሙት ስም ሊጠራ ከንፈሩን ከፈተና አቃተው።

"ጥላ አየሁ" አለ በመጨረሻ። "ልጮህ ነበር። እግሬ ቀደመኝ። አንድም ሰው አልቀሰቀስኩም።"

ዱላ ይዞ የተነሳውን ሰው ታዴዎስ በስንት ልመና አስቀመጡት። ሴራውም እዚያው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። "በሬ ይክፈል" ያለ አለ። "ከሴራ ይውጣ፣ እሳት የሚያውሰው፣ ሲሞት የሚቀብረው አይኑር" ያሉ በዙ። ታዴዎስ ወደ ብርቅዬ ዞሩ። "ባለ ደሟ አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?"

"ከብት አልፈልግም" አለች። "መባረርም አይባረርም። ቢባረር አዲስ አበባ ገብቶ ይረሳዋል። እዚሁ ይኑር፤ ስሞቹንም በየኅዳሩ ያንብብ። ከስሞቹ በፊት ግን እናቶቹን እያየ 'ዘቡ እኔ ነበርኩ፤ ሳልቀሰቅሳቸው ሸሸሁ' ይበል። እኔ ብሞት ሊዲያ ታስብለዋለች።"

ጠና በጉልበቱ ወደቀ። "እማማ ብርቅዬ፣ ቢገድሉኝ ይሻለኛል!"

"አውቃለሁ" አለችው።

ፍርዱ በስድስቱም እናቶች ጸደቀ። ፍርድ ሲያልቅ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ይህም ደንብ ነው። ብርቅዬ ያን ቀን የጓሮውን ጉድጓድ ድንጋይ አነሳች። ቆጮው ስድስት ዓመት ቆይቶ በስሎ ነበር። ጋገረችው፣ አይብ ጨመረችበት፣ ሽማግሌዎቹ እያዩ እንደ ድሮው እሁድ ከጠና አጠገብ ተቀመጠች። ጃኬቱን አላስወለቀችውም።

"ለሚክያስ የቀበርኩት ነው" አለችና አጎረሰችው።

አላመጠ፣ አላመጠ፤ አልወርድ አለው። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ብርቅዬ እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች።

"ብላ እንጂ ልጄ" አለችው። "ዕድሜ ይስጥህ።"