አልጋ ስር የተደበቀው ጉንጉን

ኦርኔላ ወደ ፔሩጃ ከተማ መጥታ የያዘችው ርካሽ የሆቴል ክፍል ከአልጋ በቀር ዕቃ መደበቂያ አልነበረውም። ልጇ ቤኔዴታ ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፏን መምህራን ፊት ታቀርባለች። በጣሊያን ተመራቂ ራሱ ላይ የሚደፋውን፣ ለጥብስ ማጣፈጫም ከሚሆነው የሎሬል ቅጠል የተሠራውን ጉንጉን ሳይመረቅ ያየ ተማሪ ይወድቃል ይባላል። ባለፈው ዓመት ቤኔዴታ ድንገት አይታው፣ በፍርሃት ሳትቀርብ ቀርታለች። ኦርኔላ ግን ዘንድሮም አላስችል ብሏት ጉንጉኑን ገዝታ አልጋ ስር ሸጉጣዋለች።

በሩ ተንኳኳ።

«እማዬ፣ ጫማዬ ተረከዙ ተነቀለ! ያንቺን ስጪኝ።»

ጫማውም ያለው እዚያው አልጋ ስር ነው። ቤኔዴታ ልታጎነብስ ስትል ኦርኔላ ጮኸች።

«ተይ! ቀሚስሽ ይቆሽሻል፤ እኔው አወጣዋለሁ።»

በደረቷ ተስባ ገብታ ጫማውን ይዛ ወጣች። ቤኔዴታ የእናቷን ፀጉር ትክ ብላ አየች። ከዚያም እጇን ዘርግታ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አነሳች።

«ጥብስ ልትሠሪ ነው እንዴ፣ እማዬ?»

«አዎ… የጥንቸል።»

«እንግዲያው የድስቱን ክዳን እንዳትከፍቺ» አለች ልጅቷ፣ ወደ አልጋው ላለማየት ፊቷን አዙራ ጫማውን እያጠለቀች። «ስመለስ እበላዋለሁ።»