ብርድ የገዛው ረጀብ

ረጀብ አሰብ ወደብ ላይ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነበር። በደርግ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ሲመለስ፣ ሰው ሬዲዮ ይዞ ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው ኤርኮንዲሽነር ጭኖ መጣ። አሰብ ላይ ከሙቀቱ የተነሣ ያለ እሱ እንቅልፍ የለም። እስቴ ግን በኅዳር ሰው ጋቢ ደራርቦ የሚያድርበት አገር ነው።

ሚስቱ ረሕመቶ፣ «ብርዱ በነፃ በሚገባበት ቤት አንተ ብርድ ገዝተህ መጣህ?» አለችው።

ረጀብ የሠለጠነ ሰው ነኝ ባይ ነበርና አልሰማትም። አንዱን ሳጥን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን በውጭ፣ በጎረቤታቸው በእማማ ወለተ ሥላሴ ግቢ በኩል ሰቅሎ በመዳብ ቱቦ አገናኛቸው። ሊያይ ለመጣ ሁሉ አሠራሩን አስረዳ። የውስጡ የቤቱን ሙቀት ይመጥጣል፤ በቱቦው የሚዞረው ጋዝ ተሸክሞ ያወጣዋል፤ የውጪው ይተፋዋል። መስኮት ስለማይከፈት አቧራና ዝንብ አይገባም፤ ጩኸቱም ውጭ ይቀራል። ሰዉ ከዚህ ሁሉ የያዘው ሙቀት መተፋቱን ብቻ ነበር።

አመሻሽ ላይ የከተማው ጄኔሬተር ሲነሣ እማማ ወለተ ሥላሴ በርጩማቸውን አምጥተው የሚያማቸውን ጉልበት ለውጪው ሳጥን ሰጡ። አጠገባቸው እርጥብ በርበሬ አሰጡ። ሰፈሩም ተከተላቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዳነ ያልተፈቀደ ስብሰባ አለ ሲባል ሊበትን መጣ፤ ጀርባውን ወደ ሳጥኑ አዙሮ ጉዳዩን ሲመረምር ቆየና የቀበሌው ውይይት ከእንግዲህ እዚያው እንዲደረግ ወሰነ። ረሕመቶም ባሏን ቤት ውስጥ ትታ ልትሞቅ ወጣች።

ረጀብ ካፖርቱን ለብሶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብቻውን ቀረ። እንዳያጠፋው ክብሩ ያዘው። በዚህ መሐል እማማ ወለተ ሥላሴ መስኮቱን አንኳኩ።

«ረጀብ ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ጨምርበት፤ እግሬ ገና አልሞቀም።»

ይኼኔ በንዴት ወጣ። ረሕመቶ ሳጥኖቹን እንዲያዛውራቸው፣ የሚተፋው ወደ ውስጥ፣ የሚመጥጠው ወደ ውጭ እንዲሆን መከረችው። ረጀብ የሠለጠነ ዓለም ይስቅብናል አለ። እሷ ደግሞ የሠለጠነ ዓለም እስቴ ድረስ የሚመጣበት መንገድ የለውም አለችው።

በማግስቱ ሲፈታና ሲያስር ዋለ። ሲመሽ ቤቱ እንደ ቆላ ሞቀ። ሸሚዙን አውልቆ፣ በደስታ ጋደም ከማለቱ በሩ ተንኳኳ። እማማ ወለተ ሥላሴ ከነበርጩማቸው፣ ጓድ አዳነ ከነአጀንዳው፣ ሰፈሩ ከነበርበሬው ገባ። እንግዳ አይባረርም። ረጀብ ላንዱም ለሌላውም ቦታ ሲለቅ፣ ሲለቅ፣ ደጃፉ ላይ ደረሰ።

«ጓድ ረጀብ፣» አለ ጓድ አዳነ፣ «በሩን ዝጋው፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው።»

ረጀብ ከውጭ ሆኖ ዘጋው። ከዚያም ወደ እማማ ወለተ ሥላሴ ባዶ ቤት ተሻገረ። ምድጃው ላይ ፍሙ ገና አልጠፋም ነበር። አሰብን ከለቀቀ ወዲህ እንደዚያ ምሽት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።