ቀድሞ የወጣው እጅ

ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጇን ሽቅብ አውጥታ በግራዋ ቦርሳዋ ውስጥ የሚንቀጠቀጠውን ስልክ አፍና ያዘች። ምክር ቤቱ ድምፅ እየሰጠ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ ብትጠየቅ ስለ መናኸሪያው ሽንት ቤት ይመስለኛል ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ መምህር እጃቸውን ስላወጡ አወጣች፤ እሳቸው ሲያወርዱ አወረደች። አፈ ጉባኤው አዳራሹን በዓይናቸው ጠራርገው "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አሉና እረፍት አወጁ። ስልኩ ዝም ካለ በኋላ እንደገና ጀመረ።

ደዋይዋ ታላቅ እህቷ ነበረች። በስብሰባ ቀን እንዳይደወል ሕግ ያወጣችው ራሷ እህትየዋ ስለሆነች፣ ልብስ ሰፊዋ ደህና ነገር እንዳልሆነ ገና ሳታነሳው ገባት። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች።

"ሚጣዬ፣ ድልድዩ ላይ ሰዎች መጥተዋል" አለች እህቷ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ምርኩዟን ይዛ ቆማ ነው የምታወራው። "ቀይ ቀለም እየቀቡት ነው። ነገ ቆራርጠን እንጭነዋለን ይላሉ።"

"የትኛውን ድልድይ?"

"ስንት ድልድይ አለን?"

እውነቷን ነው፣ ያላቸው አንድ ነው። ሰፈራቸውን ከትምህርት ቤቱና ከጤና ጣቢያው የሚለየውን ገደል የሚያሻግር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ በረገጡት ቁጥር የሚያጉረመርም የብረት ድልድይ። እሱ ከሌለ ያለው መንገድ የጭነት መኪናዎቹ ነው፤ የእግረኛ ቦታ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ልብስ ሰፊዋ ተማሪ ነበረች፣ እህቷም በዚያ መንገድ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዛ ታደርሳት ነበር። አንድ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ጠርዙን ይዞ መጣ። እህትየዋ ትንሿን ወደ ቦዩ ገፍትራ ራሷ ሳታመልጥ ቀረች፤ ምርኩዙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ሰፈርተኛው ከተማውን ነዝንዞ ድልድዩን ያሠራውም ከዚያ በኋላ ነው።

እህትየዋ በዚያው ምርኩዝ ድልድዩን እየተመላለሰች፣ በር እያንኳኳች፣ "እህቴን ምረጧት፣ የኛን ነገር እሷ ነች የምታውቀው" ብላ ነበር ልብስ ሰፊዋን ለምክር ቤት ያበቃቻት።

"ማን ወሰነ ብላቸው ምክር ቤቱ አሉኝ" አለች እህቷ። "እህቴ እዚያ ናት፣ እሷ እያለችማ አይሆንም፣ ተሳስታችኋል ብዬ አሳፈርኳቸው። አንዱ ልጅ ሳቀብኝ።"

"ቆይ አሁን አጣራለሁ። ማን እንደሆነ አገኘዋለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከልቧ ነበር።

በቁጣ ፊቷ ቀልቶ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ማይክራፎኖቹን በየቦታቸው እያስተካከለች ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ የተባለውን ሁሉ የምታስታውስ፣ ስለዚህም ብዙ ሰው የሚፈራት ሴት ናት። ልብስ ሰፊዋ ሰላም እንኳ ሳትል የኛን ሰፈር ድልድይ ይፍረስ ያለው ማን ነው ስትል ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አላንገራገረችም። ባለፈው ሳምንት ያለፈ ነገር ነው፤ አሮጌ የብረት ንብረቶችን ስለማስወገድ በሚለው አጀንዳ ውስጥ ነበር፤ የተጣመሙት የቆሻሻ ገንዳዎች፣ የወደቁት የመብራት ምሰሶዎችና ድልድዩ። መሐንዲሶቹ ዝጓል ብለዋል፤ በጀት ሲገኝ አዲስ ይሠራል።

"ማን ደገፈ?"

"ሁላችሁም። በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው።"

"እንግዲያው እኔ የዚያን ቀን አልነበርኩም።"

"ነበሩ እንጂ እትዬ" አለች ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፣ ምን እንዳጠፋች ግራ እየገባት። "ያው ከመምህሩ ጎን። እጅዎን አውጥተዋል።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። መጀመሪያ ሴትዮዋ የዋሸቻት መስሏት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ያ ቀን መጣላት። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትእዛዝ ይዛ ነበር፤ ያመጡላት ጨርቅ እጅጌውን ያዳርሳል አያዳርስም እያለች በሐሳቧ ስትቆርጥና ስትቀጥል ቆየች። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። ድልድይ የሚለውም ቃል ጆሮዋ ገብቷል፤ ገብቶ ወጥቷል። የሌላ ሰው ድልድይ ይሆናል ብላ ነበር፣ ያውም ብላ ከሆነ። ከዚያ መምህሩ እጃቸውን አወጡ፣ እሷም አወጣች።

ይህን ልማድ የጀመረችው ተመርጣ በገባችበት ሰሞን ነው። ያኔ ወረቀቱ ሁሉ ቻይንኛ ሆኖባት ነበር፤ መጠየቁ ደግሞ አሳፈራት። ከሰው ሁሉ መርጣ ከመምህሩ ጎን ተቀመጠች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቋንቋ ያስተማሩ፣ አባላቱ በፍቅርም በሹፈትም "መዝገበ ቃላቱ" የሚሏቸው፣ የተሰጣቸውን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በገጽ የሚገልጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ካነበቡልኝ እኔ ለምን ዓይኔን አጠፋለሁ አለች በልቧ። በብልህነቷም ኮርታ ነበር፤ ኩራቷ ዛሬ ገሃነም ይግባ።

እንግዲያው መምህሩ አንብበው፣ አውቀው ነው ያስፈረሱት። ይህ ሐሳብ ቁጣዋን መለሰላት፤ ከድንጋጤውም ትንሽ አሳረፋት። በረንዳው ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ይፍረስ ሲባል ምን አይተው ነው የደገፉት?"

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። "የቱ ድልድይ?"

"የኛ ሰፈሩ! ልጆቹ የሚሻገሩበት!"

"እናንተ ሰፈር ያለው ነው እንዴ?" ብርጭቆውን ጠረጴዛ ፈልገው አስቀመጡት። "ታዲያ አንቺ ስትደግፊ እኔ ምን ብዬ እቃወማለሁ? የሰፈሩ ሰው አንቺ።"

"እኔማ የደገፍኩት እርስዎ ስለደገፉ ነው።"

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ እኮ ያንቺን እጅ ነው የማየው" አሉ።

ጆሮዋን ተጠራጠረች። እሳቸው ግን ከጀመሩት አይቀር ጨረሱት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። ወረቀቱን የሚገልጡት ሰው እንዳይነቃባቸው ነው። ከነቃማ ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ሊያዩ ነው፣ እሱንም ካዩት። የሷ እጅጌ ግን ይታያቸዋል፤ ደማቅ ቀለም ትወዳለች። ደግሞ ክንዷን ከጠረጴዛው ስታነሳ ወንበሯ ይንቋቋል።

"ኑሮን የምታውቅ ሴት ናት፣ እሷ ከደገፈች ሕዝብን አይጎዳም እላለሁ" አሉ። "እንዲያውም አንቺን በማግኘቴ ፈጣሪን አመሰግን ነበር።"

"እኔ እኮ እርስዎ ወረቀቱን ሲያጥፉ ነው ክንዴን የማነሳው!"

"እኔ ደግሞ የማጥፈው አንቺ ስትቁነጠነጪ ነው። አለቀ ማለት ነው ብዬ።"

ሁለቱም ማን ቀድሞ እንደነበር ሊያውቁ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ልብስ ሰፊዋ ሳቋ መጣ፣ ግን አፏ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። የታክሲው ታሪፍ፣ የገበያው አጥር፣ የቀብር ቦታው ኪራይ፣ ዛሬ ጠዋት የጸደቀው ሽንት ቤት፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዱም ላይ ማንም አልነበረም። ባዶ ቤት ውስጥ እጅ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ከኋላቸው የሚቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ እርግጡን ማወቅ ፈልጋ፣ አንተስ ያን ቀን ምን አይተህ ደገፍክ አለችው። ዳቦ ጋጋሪው በደስታ ፈገግ አለ። እሱ ምን ቸገረው፣ ከፊቱ ሁለት አዋቂዎች ተቀምጠውለታል።

ቃለ ጉባኤ ያዥዋን እንደገና ፈለገቻት። መንገድ አለ ወይ አለቻት። አለ፤ የባለፈው ሳምንት ቃለ ጉባኤ የሚጸድቀው ከምሳ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የደገፈ አባል ተነስቶ፣ ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ምክንያቱን ለጉባኤው ተናግሮ፣ እንደገና ይታይልኝ ማለት ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ግን ድልድዩ የሚያድረው የቁርጥራጭ ብረት ማከማቻ ግቢ ውስጥ ነው።

ለእህቷ መደወል ነበረባት። ስልኩን አውጥታ መለሰችው፤ እንደገና አወጣችው። እህትየዋ ገና ሳይጠራ አነሳችው።

"አገኘሽው? ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እታለም።"

"አዎ አንቺ ነሽ፣ ሰማሁ። ማን ነው የወሰነው?"

"እኔ ነኝ የምልሽ። እጄን አውጥቻለሁ። ሲነበብ አልሰማሁም... ሰው ሲያወጣ አወጣሁ።"

ከስልኩ ወዲያ የብረቱ ማጉረምረም ይሰማ ነበር፤ ሰው እየተሻገረ ነው። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ ይሻል ነበር።

"የትኛውን እጅሽን?" አለች እህቷ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ። "ያን ቀን ይዤው የነበረውን?"

ስልኩ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ አፈ ጉባኤው ችኩል ነበሩ። መድኃኒት ቤታቸውን ለሠራተኛ ጥለው መምጣት አይሆንላቸውም። የባለፈው ሳምንት ቃለ ጉባኤ ላይ አስተያየት ያለው አለ ወይ አሉና፣ መልስም ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። ልብስ ሰፊዋ ተነሳች።

"የድልድዩ ጉዳይ እንደገና ይታይልኝ። እኔ ከደገፉት አንዷ ነኝ።"

አዳራሹ ውስጥ ወረቀት መገለጡ ቆመ። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በአባትነት መከሯት። ሁላችንም ያጸደቅነውን ሁላችን ስናፈርስ ሰው ምን ይለናል፣ ምርጫም ቅርብ ነው፣ አዲሱ ድልድይ እንደሆነ አይቀርም። ከዚያ ማይክራፎኑን በእጃቸው ሸፍነው ለቃለ ጉባኤ ያዥዋ አንድ ነገር ሹክ አሉ። እሷም እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ አዘኔታ ነበር።

"ምክንያቱን 'ተጨማሪ ማብራሪያ ስላስፈለገ' ልበለው?"

ለስላሳ ቃል ነበር። ማንንም አይቆረቁርም፤ ይዘውት ቤት ቢገቡም ያስተኛል። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ አየቻቸው። ባዶ ዓይናቸውን ፊት ለፊት ተክለው፣ ጆሯቸውን ወደ ወንበሯ አዘንብለው ተቀምጠዋል።

"ማብራሪያውማ ተነቦልኝ ነበር" አለች። "ምን እንደሆነ ሳላውቅ እጄን አውጥቻለሁ ብለሽ ጻፊው።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ የሚያግዘው አጥቶ ተወው። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አፈ ጉባኤው ወደ ሰዓታቸው አዩና ያው ደንቡ ደንብ ነው፣ ድምፅ ይሰጥበት አሉ። ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች፤ ወንበሯ ተንቋቋ። መምህሩ ከልማድ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሊያነሱ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ" አለች በጆሯቸው። "ጥያቄው ድልድዩ ነገ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ የሚለው እንደገና ይታይ ነው። ይታይ የሚል እጁን ያወጣል። ገባዎት?"

"ገብቶኛል። አንቺስ?"

ልብስ ሰፊዋ ክንዳቸውን ለቀቀች። በአዳራሹ ውስጥ ማን እጁን እንዳወጣ ለማየት ዞር አላለችም፤ የሁሉም ዓይን ግን ጀርባዋ ላይ እንደሆነ ታውቅ ነበር። አፈ ጉባኤው እስክሪብቷቸውን ይዘው ሊቆጥሩ ተነሱ። እጇን ባለማውጣቷ የሌሎቹን ድምፅ የምታጣ ከሆነ በዚህች ቅጽበት ነው የምታጣው። ያም ሆኖ እጇን ጭኗ ላይ በሌላው እጇ ጨብጣ ያዘችው፤ ሽማግሌው መጀመሪያ የራሳቸውን እስኪወስኑ ድረስ ጠበቀች።