ሰው ላኪልን

ቅያሳችን ስም አልነበራትም። ፖስታ አዳዩ እንኳ «ከቦዩ ዳር፣ ዋርካው ጋ» እያለ ነበር የሚያገኘን። ባንኮክን ሊጎበኝ የሚመጣው ሕዝብ ከወንዙ ማዶ፣ በወርቅ ጣሪያዎቹ ዙሪያ ሲጋፋ ይውልና ሆቴሉ ይገባል፤ ወደኛ ወደ ቶንቡሪ የተሻገረ ካለ መንገድ ጠፍቶበት ነው። እሱንም አጎት ቾት እጁን ይዞ ጀልባው ድረስ ይመልሰው ነበር። አጎት ቾት ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ቬንትሌተር የሚጠግን ሽማግሌ ነው፤ ዘመዳችን አይደለም፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ አጎት ይለዋል።

እናቴ ላምዱዋን በቤታችን በር ላይ የዳክዬ ኑድል ትሸጣለች፣ እኔ ልጇ ኦይ ደግሞ አጥባለሁ፣ እከትፋለሁ፣ እነጫነጫለሁ። የጀልባ ማቆሚያው ወደ ላይኛው ድልድይ ሲዛወር ደንበኞቻችንም አብረው ተዛወሩ። ከዚያ ወዲያ የተረፈውን መረቅ ስደፋ እናቴ ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። የተወለደችበት ቤት ነው፤ እዚሁ አርጅታ እዚሁ ከመሞት ሌላ የተመኘችው ነገር የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ለመባ ይዛ ወደ ዋርካው ሄደች። ቅያሳችንን የምትጠብቀው መንፈስ፣ አያት የምንላት፣ እዚያ ዋርካው ስር፣ በምሰሶ ላይ በቆመችው ትንሽ የመንፈስ ቤቷ ነው የምትኖረው። እናቴ ተንበርክካ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል ተሳለች።

«አያቴ፣ ለቅያሳችን ሰው ላኪልን። ከላክሽልን እኔው ራሴ ዘውዴን ደፍቼ እጨፍርልሻለሁ።»

ሌላው ሰው ስለቱ ሲሰምር ጨፋሪ ይቀጥራል፤ ወይም ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ጨፋሪዎች ገዝቶ ይደረድራል። እናቴ ግን በልጅነቷ ከአገር አገር በሚዞር የቲያትር ቡድን ውስጥ ንግሥት ሆና ትጫወት ስለነበር ይህን ለሌላ አትሰጥም።

«በዚህ ጉልበትሽ እማ?» አልኳት።

«ጉልበቴ የኔና የእሷ ጉዳይ ነው። አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ።»

አጎት ቾት በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ላምዱዋን፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለይተሽ ንገሪያት እንጂ። ግብር ሰብሳቢም እኮ ሰው ነው።»

«አያት ያንተን ያህል ቂል መሰለችህ? ታውቃለች።»

ብዙም ሳይቆይ ቶን መጣ። ከማዶ የተሻገረ፣ ስልኩን በዘንግ ላይ የሰካ ወጣት ነው፤ ሥራው ሰው የማያውቃቸውን የከተማዋን ጥጋጥጎች እየፈለገ በቪዲዮ ማሳየት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። መዳፎቹን ገጥሞ ለእናቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ ወለላችን ያን ያህል የሚያስከብር ባይሆንም ጫማውን ደጅ አወለቀ።

«እማ፣ ይህ ሰፈር ማን ይባላል?»

«ስም የለውም ልጄ። ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

«እንዲህ ያለ ቦታ ባንኮክ ውስጥ አሁንም ቀርቷል እንዴ?»

ቀርቷል ማለት ምን ማለት ነው? እኛ እየኖርን እንጂ ቀርተን አይደለም። በማግስቱ «የጠፋችው ቅያስ» ብሎ ስም አወጣላትና ለዓለም ለቀቃት። ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ የተቀመጥንባት ቅያስ ለካ ጠፍታ ኖሯል።

ሰዉ ጎረፈ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። ሰልፉ እስከ ቦዩ ድልድይ ደርሶ እናቴ ድስቷ ላይ ሆና ማንጎራጎር ጀመረች። ቀስ በቀስ ግን የማይበሉትም መጡ። የተሰጣ የውስጥ ልብሳችንን ፎቶ አነሱ። አንዷ የመኝታ ቤታችንን በር ከፍታ ጋደም ብዬ አገኘችኝ፤ ይቅርታም ጠየቀችኝ፣ ፎቶውንም አነሳች። አጎት ቾት ደግሞ መፍቻውን በያዘ ቁጥር ቀና በል፣ ዘንበል በል ይሉት ጀመር።

«ድሮ ቬንትሌተር ነበር የምጠግነው፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ስቄ ነው የምውለው» ይለኛል፣ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ሳይኖር።

«ሰው ለምኜ ሰው ሲመጣልኝ ላማርር?» ትላለች እናቴ። ጭፈራውን ግን ዝናቡ እስኪያባራ፣ ጉልበቷም ሻል እስኪላት አቆየችው።

በዚሁ መሃል የባለመሬቷ የልጅ ልጅ መጣ። መሬቱ የአንዲት ባለጸጋ አሮጊት ነበር፤ ኪራዩን በሰው እጅ እንልክላታለን እንጂ ዓይኗን አይተን አናውቅም። እሷ ሞታ እሱ ወርሷል። እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ፣ ኑድሉን እስከ ጠብታው ጠጥቶ፣ አፉን ጠረገና ማንነቱን ነገረን።

«ርስታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ እንዳለ አላውቅም ነበር» አለ ፈገግ ብሎ። «እንደ ሁሉም ሰው በስልኬ ነው ያገኘሁት።»

የገዛ አከራያችን አገኘን። ቤቶቹን ዝናቡ ሲያበቃ እንድንለቅ ተነገረን። ትንሽ ሆቴል ሊሆኑ ነው፤ እንግዶች የሚወዱት ይህንኑ ስለሆነ ግድግዳው፣ በሩ፣ የዛገው ቆርቆሮ ሁሉ እንዳለ ይቆያል። አጎት ቾትን «ታፔላህን ብቻ ተውልን» አሉት። የአያትንም ቤት አይነኩም፤ ማን ደፍሮ። ከእኛ በቀር ሁሉም ነገር ባለበት ይቀራል።

ቶን ሲሰማ አለቀሰ። ከልቡ ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ሊረዳን ብሎ «ሳትጠፋ እዩዋት» የሚል ሌላ ቪዲዮ ሠራ፣ ከበፊቱ የባሰ ሰው መጣ።

ጨነቀኝ። እናቴን ለብቻዋ ያዝኳት።

«እማ፣ እንደገና ተሳዪ። እዚሁ እንድንቆይ ለምኛት።»

«የመጀመሪያውን ሳልከፍል በምን ዓይኔ? ሰው ላኪ አልኳት፣ ላከች። እኔ ነኝ ያቆየሁባት።»

«ጉልበትሽን አይታ ብትታገስሽ ምን ነበረበት?»

«እሷን አትናገሪያት ኦይ። መጀመሪያ እከፍላለሁ፣ ከዚያ እለምናታለሁ።»

በአያት ሳልቀልድ የዋልኩበት ቀን የለም። ያን ሰሞን ግን ሌላ የሚያዝ ነገር ስላልነበረኝ በዚህች ቃል ተንጠልጥዬ ሰነበትኩ። ዕቃ ስጠቀልል እንኳ የምፈታው እየመሰለኝ ቋጠሮውን አላልቼ ነበር የማስረው።

በምንወጣበት ቀን ጠዋት እናቴ ዘውዷን ደፋች። ቀሚሱ ጠቧት ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላት። አጎት ቾት ከካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ቴፑን አውጥቶ የከበሮውን ሙዚቃ ከፈተላት። ዋርካው ስር ቆማ ጣቶቿን ወደኋላ ቀልብሳ ስትጀምር ሰዉ ከበባት፣ ስልኮች ተነሱ። ቶንም መሃላቸው ነበር። ጉልበቷ እየከዳት፣ ስትቀመጥ እኔ አብሬ እየተቀመጥኩ፣ ስትነሳ አብሬ እየተነሳሁ፣ እስከ መጨረሻው ጨፈረች። አጨበጨቡላት። አንድ ሰውዬ ነገ ትርኢቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገ የለም አልኩት።

ከዚያ ተንበረከከች። ግንባሯን መሬት አስነክታ ብዙ ቆየች። እኔም ከጀርባዋ መዳፎቼን ገጥሜ፣ በይ ንገሪያት እማ፣ በይ፣ እያልኩ በልቤ ለመንኩ። ስትነሳ ክንዷን ደግፌ ያዝኳት።

«ነገርሻት?»

«ስለቴን ከፍያለሁ አልኳት።»

«ሌላውንስ? እንድንቆይ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ላቡ ከዘውዱ ስር እየወረደ ፊቷን የተቀባችውን ነጭ ቀለም ያጥበው ነበር።

«ፈራሁ ኦይ» አለችኝ። «ብለምናት ትሰጠኛለች፣ ሰዉን እንደሰጠችኝ አድርጋ።»

የድስቱን አንዱን ጆሮ እሷ፣ አንዱን እኔ ያዝንና፣ በሰዉ መሃል እባካችሁ አሳልፉን እያልን ወጣን።