የመሪጌታ የቀብር ገንዘብ

ወለተ ሩፋኤል ከአልጋው ሥር ትንሿን ጄሪካን ጎትታ አወጣች። ከባሏ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ ጫፍ አጥፋ በክር አሰረችና ጄሪካኗን ወደ ጓሮ ይዛ ወጣች፤ ደፋቻት፣ በውኃ አለቀለቀቻት፣ ተመልሳም ቱቦውን ከተተችባት። ባሏ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ይህ ሥራ ሲሠራ ሁልጊዜ እንደዚያው ያደርጋሉ።

"የእድር ስብሰባ አለ፤ ደርሼ ልምጣ" አለቻቸው።

"ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ። እድሩ በሽተኛም ያሳክም የሚል ሐሳብ መጥቷል አሉ።"

"እድር?" አሉ መሪጌታ ከግድግዳው ሳይዞሩ። "እድር የሚያውቀው ሬሳ ነው።"

ነጠላዋን ከምስማሩ አንስታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

መሪጌታ ከጣና ማዶ ባለ ደብር ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የመሬት ዐዋጁ ታውጆ የደብሩ ገቢ ሲደርቅ፣ ሚስታቸውን ይዘው ታንኳ ተሳፍረው ባሕር ዳር ገቡ። እዚህም ማኅሌት እየቆሙ፣ ለጥቂት ተማሪዎች ዜማ እያስጠኑ ኖሩ። ወለተ ሩፋኤል ደግሞ የዘጌ ሴቶች የሚያመጡትን ጌሾ ከወደቡ እየተቀበለች ገበያ ትቸረችራለች። መሪጌታን ሽንት የከለከላቸው ከፋሲካ በኋላ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም ቱቦ አስገባላቸውና፣ "እጢ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ደኅና ይሆናሉ" ብሎ ወደ ጎንደር ጻፈላቸው።

እሷም ቀበሌ ተመላልሳ፣ ድህነቷን የሚመሰክሩላት ሰዎች አቁማ፣ የነጻ ሕክምና ወረቀት አወጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ለሐኪሙ ብታቀርብለት፣ አንብቦ መለሰላት።

"ይኼ ለምርመራና ለአልጋ ይሠራል" አላት። "መድኃኒቱንና ግሉኮሱን ግን ከውጭ ነው የምትገዙት። ደም ካስፈለገም የሚሰጥ ሰው ይዛችሁ መሄድ ነው። ደግሞ መሳፈሪያ አለ፤ አንቺም እዚያ ስትከርሚ መብላትሽ አይቀርም።"

የመሪጌታን ካባ ሸጠች። የካባው ገንዘብ ቱቦ በማስቀየርና በመርፌ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ጓሮ እየወጣች ታለቅስ ነበር። አሁን ግን ጄሪካኗን ትደፋለች፣ ጌሾዋን ትሸጣለች፣ ሲመሽ ትተኛለች። ሰው መንገድ ላይ አቁሞ "መሪጌታ እንዴት ሰነበቱ?" ሲላት "ደኅና ናቸው" ብላ ታልፋለች። እግሯ የሌላ ሰው እግር ይመስል እሷን ይዞ ይሄዳል።

ስብሰባው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የተጻፈው መፈክር በዝናብ ፍሳሽ ግማሹ ታጥቧል። ወለተ ሩፋኤል ሴቶቹ ከተቀመጡበት ከኋላ ወንበር ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተነሣው የእድሩ ጸሐፊ አምሐ ነው። ክሊኒክ ውስጥ በጤና ረዳትነት የሚሠራ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ወጣት ነው።

"እስቲ ልጠይቃችሁ" አለ። "ባለፈው ዓመት ከቀበርናቸው ሰዎች ስንቱ ነው በጊዜ ቢታከም የሚድን የነበረው? እኔ ዕለት ዕለት የማየው ነው። ወባ ነው፤ የሳንባ ምች ነው፤ ወሊድ ነው። ሰውዬው የመድኃኒት መግዣ አጥቶ ይሞታል። ከሞተ በኋላ ግን ድንኳን እንጥላለን፣ ሁለት መቶ ብር ለቤተሰቡ እንሰጣለን፣ እናለቅሳለን። ምነው ቆሞ ሳለ ብንደርስለት? አሁን በወር የምንከፍለው አንድ ብር አለ። በዚያ ላይ በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ብር እንጨምርና፣ የታመመ አባል መድኃኒቱን በእድሩ ገንዘብ ይግዛ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ሐጂ ሙሀመድየሱፍ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በእጃቸው ጥብቀት ነው።

"ሐሳቡ ሸጋ ነው" አሉ። "ግን ለማን ነው? ለእኔ ከሆነ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ መታከሚያ አላጣሁም። ለድሃው ከሆነ ደግሞ፣ አንዲቷን ብር እንኳ ሁለት ሦስት ወር አወዝፎ የሚያመጣት ሰው፣ ሁለተኛዋን ከየት ያመጣታል? መክፈል ሲያቅተው በደንባችሁ ትሰርዙታላችሁ። ያን ጊዜ መታከሙም ቀረ፣ መቀበሩም ቀረ።"

"አይሰረዝም ሐጂ። የማይችል ሰው በቀብሩ ብቻ ይቆያል" አለ አምሐ።

"እንግዲያውስ ለሚችለው ነው የሠራኸው!"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከሴቶቹ መካከል አደይ ተነሣች። በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

"እኔም ልናገር" አለች። "እኛ ቤት አምስት ነፍስ ነን። በነፍስ ወከፍ ካላችሁ አምስት ብር ልጨምር ነው። ለእኔ አዝናችሁ ያመጣችሁት ነገር እኔኑ ሊያስወጣኝ ነው እንዴ?"

"ለልጆች ግማሽ ማድረግ ይቻላል፣ እትዬ አደይ" አለ አምሐ።

"ግማሹንስ ማን ይሰጠኛል?"

"አንዱ ልጅዎ ቢታመምብዎት ምን ያደርጋሉ?"

"ባለፈው ክረምት ታሞብኝ የለም? ተበድሬ አሳከምሁት።"

"እኮ! እኔ ያንን ብድር ነው የማስቀርልዎ።"

"ልጄ፣ ብድሩን የተበደርሁት በታመመ ቀን ነው" አለች አደይ። "ያንተን ብር ግን ሳይታመምም ልከፍል ነው።"

ይህን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ" አሉ። "መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይኸው ስንት ጊዜያቸው፣ መዳን የሚችሉ ሰው ተኝተዋል። እንዲህ ያለ ደንብ ቀድሞ ቢኖረን ይህን ጊዜ ድነው ማኅሌት በቆሙ ነበር።"

ራስ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ወለተ ሩፋኤል እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን አየች። የባሏ ስም ከአፍ አፍ ሲዘዋወር የማታውቀው የሌላ አገር ሰው ስም መሰላት።

"ታዲያ ደንቡ ከወጣ መሪጌታ ይታከሙበታል?" ሲል አንድ ሰው ጠየቀ።

አምሐ አንገቱን ደፋ። "ስድስት ወር የከፈለ ሰው ነው የሚታከምበት። ደግሞ የጀመረ በሽታ አይያዝም። እንዲያ ካላደረግን የታመመ ሁሉ በአንድ ቀን ተመዝግቦ ሣጥኑን ባዶ ያስቀረዋል። መሪጌታን... ለእሳቸው አልደረሰም። ለሚቀጥለው ሰው ነው።"

ክርክሩ እንደገና ተነሣ፤ ሄደ፤ ተመለሰ። በመጨረሻ ለልጆች ግማሽ እንዲሆን፣ የማይችልም በቀብሩ ብቻ እንዲቆይ ተብሎ እጅ ወጣ። ደጋፊው በለጠ። አደይ ተቃወመች፤ ሐጂ ተቃወሙ። ወለተ ሩፋኤል ለድጋፉም ለተቃውሞውም እጇን አላነሣችም፤ አምሐም ቆጥሮ ሲጨርስ ስለ እሷ የጠየቀ የለም።

"ሌላ ጉዳይ ያለው?" አሉ ዳኛው ለመነሣት እየተዘጋጁ።

ወለተ ሩፋኤል ተነሣች። መነሣቷን ያወቀችው ከተነሣች በኋላ ነው።

"የመሪጌታን የቀብር ገንዘብ አሁን ስጡኝ" አለች።

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። "ኧረ በስመ አብ!" አለች ከአጠገቧ ያለች ሴት።

"ምን አልሽ፣ ወለተ ሩፋኤል?" አሉ ዳኛው።

"ሁለት መቶ ብሩን። ጎንደር ወስጄ ላሳክምበት። ሲሞቱ የምትሰጡት ለእኔ አይደለም? ያን ጊዜ ምን አደርግበታለሁ?" ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም፤ የጌሾ ዋጋ የምትናገር ነበር የምትመስል።

ቀድሞ የተናገረው አምሐ ነው። "እትዬ ወለተ ሩፋኤል፣ ይኼ እንኳ አይሆንም። አዝናለሁ። ዛሬ ለእርስዎ ብንሰጥ ነገ ሁሉም ይመጣል። ሰው በቁሙ ከወሰደ ነገ ለሚሞተው ምን ይቀራል? እድሩ ይፈርሳል።"

"ደግሞም ሟርት ነው!" አለ ከፊት የተቀመጠ ሰው። "በሰው ላይ ሞት መጥራት ነው!"

ሐጂ ሙሀመድየሱፍ እንደገና ተነሡ። ሰዉ ከእሳቸው የጠበቀው አንድ "አይሆንም" ነበር።

"እናንተ ክርስቲያኖቹ ረስታችሁት ነው ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅ?" አሉ። "በልጅነቴ ወረታ ሳለን አንድ ባለጸጋ የቁም ተዝካር አውጥተው ነበር። ሰውዬው ቆመው፣ የራሳቸውን ተዝካር አበሉ። ለእኛ ለእስላሞቹም ለብቻ በግ አሳርደው አበሉን። ያን ቀን ሟርት ነው ያለ ሰው አላየሁም። ካህኑም መርቆ ነው የሄደ። መሪጌታ ስንት ዘመን ከፍለዋል፤ የእሳቸው ገንዘብ ነው። በቁማቸው ቢበሉት ምንድን ነው ነውሩ?"

"ደንቡ አይፈቅድማ ሐጂ" አለ አምሐ።

"ደንቡንማ አሁን ስትለውጠው አላየሁህም?"

ዳኛው ግራና ቀኝ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ጋር ተንሾካሾኩ። በኋላም እንዲህ ሲሉ በየኑ፦ ገንዘቡ ይሰጣት፤ የመሪጌታ ቀን ሲደርስ ግን እድሩ ተሸክሞ ይቀብራል እንጂ ገንዘብም ንፍሮም አያወጣም፤ ቀብሩ የራሳቸው ስለሆነ ደግሞ መሪጌታ ራሳቸው የስምምነት ቃላቸውን ይስጡ። ወለተ ሩፋኤል "እሺ" አለች። ደስ ይላት እንደሆነ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም።

ዳኛው ገንዘቡን ከሣጥኑ አስቆጥረው ያዙና፣ ሐጂንና አምሐን አስከትለው አብረዋት ሄዱ። እሷ ቀድማ ገብታ ጄሪካኗን በጨርቅ ሸፈነች። መሪጌታ ሰው ሲገባ ሲያዩ ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ።

"መሪጌታ፣ እግዜር ይማርዎ። ነገሩ እንኳ እንዲህ ነው..." ብለው ዳኛው ጀመሩ፤ መጨረስ አቃታቸው።

ሐጂ ጨረሱላቸው። "የቀብርዎን ገንዘብ በቁምዎ እንስጥዎ ነው። እንዲታከሙበት። ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ ቀኑ ሲደርስ ተሸክመን እንቀብርዎታለን፤ ከዚያ ወዲያ ግን እድሩ ምንም የለበትም።"

መሪጌታ ሚስታቸውን አዩ። "አንቺ ነሽ የጠየቅሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት።"

"ፍትሐቱስ?" አሉ መሪጌታ።

"እሱማ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ አንነካውም" አሉ ዳኛው።

"እንግዲያ የሚቀርብኝ ንፍሮው ነው።" መሪጌታ ቀስ ብለው ትራሱ ላይ ተመለሱ። "ንፍሮ ድሮም ሆዴን ይነፋኝ ነበር። ስጧት።"

ሐጂ ብቻ ሳቁ። ገንዘቡ ተቆጥሮ ተሰጣት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ልትሸኛቸው እስከ አጥሩ በር አብራ ወጣች። ሽማግሌዎቹ መንገዳቸውን ሲቀጥሉ አምሐ ወደ ኋላ ቀረ።

"ተቀየሙኝ?" አላት።

"ስለ ምን?"

"ስለ ተቃወምሁዎ። ለክፋት አይደለም። ሣጥኑ..."

"አልተቀየምሁህም።" እውነቷን ነበር። ቂም ካለ ብላ ውስጧን ፈልጋ አጥታዋለች።

አምሐ እግሩን አፈራረቀ። "አዲሱ ክፍያ ከዛሬ ነው የሚጀምር። የመሪጌታ የጀመረ በሽታ ስለሆነ አይያዝም፤ ያው ሰምተዋል። እርስዎም ብሩ ለጎንደር ያስፈልግዎታል፤ በቀብሩ ብቻ ላቆይዎት?"

ከወደብ በኩል የሐይቁ ነፋስ መጣ። ወለተ ሩፋኤል ገንዘቡ ከምን እስከ ምን እንደሚያደርሳት ታውቀዋለች። አውቶብሱ በይፋግ፣ በእንፍራንዝ አድርጎ ጎንደር እስኪገባ መሳፈሪያው፤ መድኃኒቱ፤ ግሉኮሱ፤ እሷ የምትበላው እንጀራ። ከዚህ የሚተርፍ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚጎድል ነው። ቋጠሮውን ፈታች። አንድ አሥር ብር ስባ አወጣች።

"እንካ።"

"ለመሪጌታ አይሆንም አልሁዎ እኮ።"

"ለእኔ ነው። እኔስ ብታመም?"

አምሐ ብሩን ይዞ ቆመ። "መልስ አልያዝሁም" አላት።

"መልስ አልጠየቅሁህም። የአሥር ወር አድርገው" አለችና፣ የቀረውን መልሳ አጥብቃ ቋጠረችው።